ያላበጡት ልቦች

የልብ ተመራማሪው ሊቅ ቢሮው ውስጥ፣ የአስም መድኃኒቱን የሚስብበት ጭንብል ፊቱ ላይ እንዳለ ሞቶ ተገኘ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ልቡ የበሬ ልብ አህሎ ቢያይ፣ «ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም» አለ። በጭንብሉ ጠርሙስ ውስጥ የተገኘው ደግሞ በላቦራቶሪው የአይጦችን ልብ ለማሳበጥ የሚወጋው መድኃኒት ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ የሊቁ የላቦራቶሪ ረዳት በካቴና ታስራለች።

«አይጦቹን የምትወጋው እሷ ናት። ነገሩ አልቋል» አላት የመርማሪዋ አለቃ።

«ካለቀ እኔን ለምን አስጠራችሁኝ? ሬሳ ሳይቀበር ፍርድ!» ብላ ጮኸችበትና ወደ ሟቹ ምክትል ዞረች።

«ዶክተር፣ መድኃኒቱ ልብን እንዴት ነው የሚያሳብጠው?»

«የነርቭን መልእክት መስሎ ‹ሩጥ› ይለዋል፤ እንደሚገረፍ ፈረስ። ሲሰነብት ጡንቻው ይወፍራል፣ ይጎዳል፣ ውስጡ ያለው ኢንዛይምም ወደ ደም ይፈስሳል።»

«የእርስዎ አይጦች ግን ደህና ናቸው አሉ።»

«መከላከያ አግኝቼ ነዋ! እንክብሌ ጡንቻውን ይጠብቃል። ሩጫውን አያስቀርም፤ እብጠቱን ግን ያስቀራል።»

«ማን ነው የሚወጋቸው?»

«የራሴን ራሴ። ሰው አላምንም።»

ረዳቷን ጠጋ አለቻት። «የአንቺዎቹስ፣ እህቴ?»

«ልባቸው አብጧል፣ ኢንዛይማቸውም ሰማይ ነክቷል። መድኃኒቱ ለእኔም ለዶክተርም ተመዝኖ ነው የሚሰጠን፤ ጠብታ አላጎደልኩም። እናቴ መታሰሬን ከሰማች አትተርፍም።»

በማግስቱ ምክትሉ የራሱን አይጦች ወግቶ እንደወጣ መርማሪዋ የልብ ምታቸውን አስለካች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች፤ የሟቹ ሚስት ረዳቷን በዐይኗ ልትበላት ደርሳለች።

«ይህች ልጅ ከድርሻዋ ሰርቃ ቢሆን አይጦቿ ባላበጡ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ያላበጡት የዶክተር ናቸው።»

«እንክብሌ ነው ያዳናቸው!»

«ሩጫውን አያስቀርም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ ዛሬ ከመርፌዎ በኋላ ልባቸው ለምን ንቅንቅ አላለም? የወጓቸው ውሃ ነዋ! የእነሱን ድርሻ በየጊዜው ወደ ሊቁ ጠርሙስ ጨመሩ። አይጦቹ ሳያብጡ ቀርተው ሊያጋልጡዎት ሲሉ፣ ሌብነቱን ግኝት አሉት። የሰውየውን ወንበር ፈልገው ገደሉ፤ የግኝቱ ጭብጨባ ሲጥምዎ ከሞቱ በኋላም ውሃውን ቀጠሉ።»

«በቤቴ እየበላህ!» አለችው ሚስቲቱ።

አለቃው አንገቱን ደፍቶ የረዳቷን ካቴና ፈታ። ምክትሉ እጁን ሲይዙት እንኳ፣ «እንክብሌን ግን አትንኩብኝ! ግኝቴ...» ይል ነበር።

«የቱ ግኝት? ውሃ አይጥ እንደማይገድል?» አለችው መርማሪዋ። ከዚያ ስልኳን ለረዳቷ አቀበለች። «በይ፣ ሌላ ሳይነግራት ለእናትሽ ደውዪ።»