ወደ ታች የታጠፈ ክርን

የሒሳብ ባለሙያዋ በሮቦቱ ክንድ ሥር ተደፍታ የተገኘችው ጠዋት ቤተ ሙከራው ሲከፈት ነው። የብረት ጣቶቹ ማጅራቷ ላይ አርፈዋል። በእሷ ቀመር ሦስት ሽልማት የወሰደው ኃላፊ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ገዳዩንም አዘጋጅቶ መርማሪዋን ጠበቃት።

«ማሽኑ ነው የገደላት። ይሄ ደደብ ቴክኒሻን ኃይሉን ሳያጠፋ ሄዶ።»

ቴክኒሻኑ እጁ በካቴና ታስሯል። «አጥፍቻለሁ» አለ፤ «እትዬ ላይ እንዴት እንዲህ አደርጋለሁ?»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሮቦቱን ክንድ አየችው። ክርኑ ወደ ወለሉ ታጥፏል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚታጠፈው?»

ቴክኒሻኑ ቀና ብሎ አየና ደነገጠ። «ኧረ በጭራሽ! አንድ ቦታ ለመድረስ ሁለት መንገድ አለው፤ ክርኑን ሰቅሎ ወይም ጥሎ። እትዬ የታችኛውን ከሒሳቡ አውጥታዋለች፤ ሰው ይመታል ብላ።»

«ኃይል ሲጠፋስ አይወድቅም?»

«ፍሬን አለው። ባለበት ይቆማል።»

ሮቦቱን የምታዝዘው የቤተ ሙከራው ፕሮግራም ጸሐፊም ለብቻዋ ተጠይቃ ያንኑ ተናገረች። ኃላፊው ግን ተቆጣ።

«ክርን ምናምን የሠራተኛ ወሬ ነው። እኔ ትልቁን ሥዕል ነው የማየው።»

ትልቁ ሥዕል የራሱ ፎቶግራፍ ነበር፤ ከበስተኋላው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ከሰዓት መርማሪዋ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ያላቸውን ሦስቱንም አስከሬኑ በተነሳበት ክፍል ሰበሰበች።

«ማሽኑ በራሱ ቢንቀሳቀስ ክርኑ ሽቅብ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሴትዮዋን ሰው በብረት መትቶ ገደላት፤ ከዚያ ፍሬኑን ለቆ ክንዱን በእጁ ጎተተና ማጅራቷ ላይ አሳረፈው። ቴክኒሻኑ ቢሆን ክርኑን ወደ ላይ አድርጎ ይተወው ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊዋም እንዲሁ። ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እኔ?» ኃላፊው ሳቀ። «ጥናቱ እኮ የእኔ ነው! ስሜ አለበት!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መርማሪዋ የታተመውን ጥናት ሰጠችው።

«ሟቿ ትናንት ‹ቀመሩ የእኔ ነው፤ ስሜን መልሱልኝ› ብላ ለሸላሚዎቹ ጽፋለች፤ ደብዳቤው ኮምፒውተሯ ላይ ነው። አሁን ሁለተኛውን ገጽ ያንብቡልን።»

ገለጠው። ‹ክርኑ ዘወትር ወደ ላይ ይታጠፋል› የሚለው ጋ ሲደርስ ጥናቱን ከደነው።

«አንድ ቀን እንኳ አንብበውት ቢሆን ኖሮ» አለች መርማሪዋ፣ «ይሄ ምስኪን ታስሮልዎት ይቀር ነበር።»

ካቴናውን ከቴክኒሻኑ እጅ ፈትታ ለኃላፊው አሰረችለት።