ቆዳው ይተንፍስ

አስካለ በሹፌሩ ወንበር ላይ ያለው እጥፋት አዲስ መሆኑን ያወቀችው መኪናውን ማጽዳት በጀመረች በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ አይታው ነበር፣ በሁለተኛውም አይታው ነበር። ነገር ግን ሰው ስምንት ዓመት የተቀመጠበት ቆዳ መጨማደዱ የሚገርም ስላልሆነ፣ ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ በፀጉር ማድረቂያ አሙቃ፣ በአውራ ጣቷ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋች፣ ቅባት አጠጥታ፣ እንደተተኮሰ ጨርቅ አስተኝታው ሄደች። አሁን ተመልሷል። መመለሱ ብቻ ሳይሆን ከበፊቱ ይልቅ ጠልቋል።

ባሏ ተካልኝ ከሞተ ሦስት ወሩ ነበር።

መኪናው አፍንጫውን ወደ ግቢው በር፣ ጀርባውን ወደ በረንዳው አድርጎ ተካልኝ ባቆመው ቦታ ቆሟል። የአዳማ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ጣሪያው ላይ ይውላል፣ ነፋሱም ደቃቁን አቧራ በመስኮቱ ጠርዝ እየፈለገ ያስገባል። ስለዚህ በየቅዳሜው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አስካለ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ከስፌቱ ውስጥ ታወጣለች፣ ትንሽ ሳሙና በነካውና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ታብሳለች፣ በደረቅ ጥጥ ታደርቃለች፣ ቅባቱን በጣቷ ጫፍ በስሱ ትቀባለች፣ በመጨረሻም የፊት መስታወቱን በካርቶን ትሸፍናለች። ይህን ሁሉ ያስተማራት እሱ ነው። ያስተማራት ግን ቆማ እንድታይ እንጂ እንድትነካ አልነበረም።

የተካልኝ ሕግ ብዙ ነበር። እርጥብ ልብስ የለበሰ አይቀመጥበትም። ብረት ያለው ነገር አይጠጋውም። እሱ ራሱ እንኳ ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ቀበቶውን ይፈታል፣ ዘለበቱ ቆዳውን እንዳይጭረው። ፈትቶም በወንበሩ ራስ ማስደገፊያ ላይ ይጠመጥመዋል። የኋላው ወንበር ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይነሳለት ኖሯል። ሰርግም ሆነ ለቅሶ ሲኬድ እናትና ልጅ በባጃጅ ይሄዳሉ፣ ተካልኝ ደግሞ ባዶውን መኪና እየነዳ ከኋላቸው ይከተላል። ሰፈሩ ይስቅ ነበር። አስካለም ሰው ፊት አብራ ትስቅ ነበር።

ቀበቶው አሁንም እዚያው ራስ ማስደገፊያው ላይ ነው። ልታነሳው አስባ ታውቃለች። እጇ እሺ አላላትም።

ልጇ ኤፍራታ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ በአንድ የሰኔ ከሰዓት፣ ተካልኝ የግቢውን በር ሊከፍት ከመኪናው ወርዶ፣ ቀበቶውንም መልሶ ታጥቆ ሳለ፣ ከትምህርት ቤት በዝናብ እየሮጠች መጥታ ጋቢና ገባች። ዩኒፎርሟ ይንጠባጠብ ነበር። አንድ ደቂቃ እንኳ አልተቀመጠችም። አስካለ የዘለበቱን ድምፅ የሰማችው ከወጥ ቤት ሆና ነው። ሊቀመጥ ሲልም ያ ድምፅ ነው፣ ሊመታ ሲልም ያ ድምፅ ነው፣ ቀስ ያለ፣ ያልቸኮለ። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ልጅቷ በረንዳው ላይ ስትጮህ፣ እናቷ ፎጣ ይዛ ወንበሩን ታደርቅ ነበር። ቶሎ ካደረቅኩት ቶሎ ይተዋታል ብላ ነው። ወይም ለራሷ የነገረችው እንደዚያ ነው። ኤፍራታ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ትከሻዋ ላይ ያለው ጠባሳ ግን ዛሬም አራት ማዕዘን ነው፣ እንደ ዘለበቱ።

በዚያ ሦስተኛ ቅዳሜ አስካለ ጨርቁን እንደያዘች ወደ ቤት ገባች።

«ኤፊ፣ መኪናው ውስጥ ገብተሽ ነበር?»

ኤፍራታ ከደብተሯ ቀና አላለችም። «እኔ? ቁልፉ አንቺ ጡት መያዣ ውስጥ አይደል እንዴ የሚያድረው?»

«ስጠይቅሽ መልሺ።»

«አልገባሁም። ለምነውኝም አልገባ። እማ፣ ሰውዬው እኮ ሞቷል። ለማን ነው የምትወለውዪለት?»

አስካለ ጨርቁን አጣጥፋ ወደ ግቢው ተመለሰች። ለሞተ ሰው ነው ማለት ያሳፍራል፣ ስለምፈራው ነው ማለት ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

በአራተኛው ቅዳሜ የሹፌሩ ወንበር ለስልሶ ጠበቃት፣ አንድም መስመር አልነበረበትም። ደስ ሊላት ሲል ዓይኗ ወደ ጋቢናው ሄደ። እዚያ ቆዳው መሃሉ ላይ ወደ ታች ተጎድጉዶ፣ ከሁለት ጭኖች ሥር እንደሚሆነው ሁለት ቦይ ሠርቶ፣ በጎኑ ያበጠው ጠርዝም ሰው ሲወርድና ሲወጣ እንደሚያደርገው ተደፍጥጧል። በሩን ስትከፍተው የወጣው አየር የሞቀ ቆዳ ይሸታል፣ ከዚያ ሽታ ሥር ደግሞ ተካልኝ ከምሳ በኋላ የሚያኝከው የቅርንፉድ ሽታ አለ። ቀበቶውም የተጠመጠመው ጋቢናው ራስ ማስደገፊያ ላይ ነው። ራሴ አዛውሬው ይሆናል፣ አለች። ሐዘን ያስረሳል ይባላል። ግን አላዘነችም። ይህንንም ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ያን ሰሞን አመሻሽ ላይ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ጆሮዋን ወደ ግቢው መጣል ለመደች። ነፋሱ ሲቆም፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ለአፍታ ፀጥ ሲል፣ ሲጥ የሚል ነገር ትሰማለች፣ ከባድ ሰው ቆዳ ወንበር ላይ ሲመቻች የሚሰማው ዓይነት። ያኔ ቢላዋዋን አስቀምጣ ኤፍራታ ያለችበትን ክፍል ሄዳ ታያለች። ልጅቷ አለች። ተመልሳ ትከትፋለች። እንደገና ሄዳ ታያለች። አንድ ነገር ሊመጣ እንደሆነ ታውቃለች፣ መቼም ቢሆን የሚመጣው ነገር የሚመጣው ወደ ልጅቷ እንደሆነ ታውቃለች፣ ምን እንደሆነ ብቻ ነው ለራሷ ልትነግር ያልደፈረችው።

ማክሰኞ ዕለት የመኪና ወንበር የሚያለብሰውን ገመቹን አስጠራችው። ገመቹ ጋቢናውን በመዳፉ ተጫነው፣ ጎንበስ ብሎ በጎን አየው።

«እትዬ አስካለ፣ ማን ነው የሚቀመጥበት?»

«ማንም።»

«ተይ እንጂ!» ብሎ ሳቀ። «ከእኔ ትደብቂያለሽ? ፀሐይ ቆዳን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። እንዲህ የሚያጥፈው ግን ሰው ነው። ያውም የጠገበ ሰው፣ ሰማንያ ኪሎ የሚሆን።»

ተካልኝ ሰማንያ ሁለት ነበር።

«ይሄንን ላስቲክ አሁንም አላነሳችሁትም?» አለ ገመቹ የኋላውን በር እየከፈተ። «ጋሽ ተካልኝ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጉድ ሰው እኮ ነበር! በመኪናው ሰው ያላሳፈረ ባለ መኪና እሱ ብቻ…»

ቀልዱን አልጨረሰውም። ላስቲኩ እንደተወጠረ ነው፣ ምንም አልነካውም። ከላስቲኩ ሥር ግን፣ በግራ በኩል፣ ቆዳው ተጨማድዷል። ከቆዳው በላይ፣ በላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ፣ በብርድ ጠዋት መስታወት ላይ ሲተነፈስ እንደሚሆነው ጭጋግ ይዟል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ጭጋጉ ትንሽ ሰፋ፣ ከዚያ ትንሽ ጠበበ።

«ታፍኗል» አለ ገመቹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሙቀቱ ነው። ላስቲኩን አንሺለት። ቅባት ስትቀቢው ደግሞ በሮቹን ሁሉ ከፋፍተሽ እስኪመሽ ተዪው። ቆዳ ነው፣ ይተንፍስ።»

እጁን ሱሪው ላይ ሁለት ጊዜ ጠረገና ወጣ። ለወትሮው ሻይ ሳይጠጣ የማይሄድ ሰው ነው።

ላስቲኩን ያነሳችው ብቻዋን ነው። ስትገፈው እንደ እርጥብ ቁስል ፕላስተር እየተጣበቀ ወጣ።

በአምስተኛው ቅዳሜ እጥፋቱ በኋላው ወንበር በቀኝ ጫፍ፣ ለበረንዳው በሚቀርበው በር ጥግ ነበር። ወለሉ ላይ ያለው ምንጣፍ ሁለት ቦታ ተረግጧል፣ የተረገጠውም ጣቶቹ ወደ በሩ ዞረው ነው። ቀበቶው ወንበሩ ላይ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ ዘለበቱ ቆዳውን እንዳይነካ ወደ ላይ ተደርጎ ተቀምጧል። አስካለ በሩን በቀስታ ዘጋችና እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለባሏ ታላቅ ወንድም ለጋሽ በየነ ደወለች። መኪናው ሙት ዓመቱ ሳያልፍ እንዳይሸጥ በአርባው ቀን በሰው ፊት ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ መኪናውን ልሽጠው።»

«ሙት ዓመቱ ሳይወጣ? ሰው ምን ይለናል? ወንድሜ እንደ ዓይኑ ብሌን የያዘውን ንብረት!»

«ልጁንስ እንዴት ነበር የያዛት?» አለች አስካለ። ግን ያለችው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ከዚያ ለገመቹ ደወለች። ገመቹ ገዢ አላጣም፣ ነገ እሁድ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ አላት። እሱ ግን ግቢው ውስጥ እንደማይገባ፣ በር ላይ እንደሚጠብቅ ጨመረ። አስካለ ስልኩን አስቀምጣ እጅጌዋን ጠቀለለች። ሰው ያን እጥፋት ካየ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥያቄ ከጠየቀ ትቶት ይሄዳል፣ ትቶት ከሄደ ነገሩ እዚህ ይቀራል፣ በረንዳው ሥር፣ ኤፍራታ ከምትተኛበት መስኮት አሥር እርምጃ ርቀት ላይ። ስለዚህ ወንበሩ ዛሬ መለስለስ አለበት። ከአምስት ዓመት በፊት ማድረግ የነበረባትን ነገ ታደርገዋለች፣ ይህን ነገር ከልጇ ታርቃለች።

የኤሌክትሪክ ገመዱን ሳሎን ውስጥ ሰክታ፣ በቤቱ በር አሳልፋ፣ በረንዳውን አቋርጣ እስከ መኪናው ዘረጋችው። አራቱን በሮች ከፈተች። ገመዱ ስላለ የቤቱም በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ዋለ።

ቀኝ ጫፉ እሺ አላለም። ፀጉር ማድረቂያው ገና ሳይነካው ቆዳው ሙቅ ነበር። በአውራ ጣቷ ስትገፋው ከሥሩ የሆነ ነገር መልሶ ይገፋታል፣ በኃይል ሳይሆን በትዕግሥት፣ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው እንደሚያደርገው። ላቧ እንዳይንጠባጠብበት ግንባሯን በክንዷ እየጠረገች፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቅባቱን ሦስት ጊዜ ደራርባ ቀባችው። ቀበቶውን ማየት ስላልፈለገች በጨርቅ አንስታ ከሹፌሩ ወንበር ራስ ማስደገፊያ ላይ አንጠለጠለችው፣ በሮቹን እንደተከፈቱ ትታ ጨርቆቹን ልታጥብ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ቧንቧ ሄደች።

ውሃው እየወረደ ሳለ ከግቢው በኩል አንድ ረጅም ሲጥታ ሰማች፣ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሰው ከወንበር ሲነሳ የሚሰማው። ቧንቧውን ዘጋች። ነፋስ ነበር። ወይም ነፋስ ነው አለችና እንደገና ከፈተችው።

ስትመለስ ፀሐይ ገብታለች። የበረንዳውን መብራት አበራች፣ በኋላው በር ጎንበስ አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ወንበሩ እንደ ውሃ ለስልሷል። የቀኝ ጫፉ እጥፋት የለም፣ የግራውም የለም፣ ጋቢናውም የሹፌሩም አንድ እጥፋት፣ አንድ መስመር የላቸውም። ቆዳው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እንደነበረው ተወጥሮ መብራቱን ያንጸባርቃል። አስካለ ሳቀች። ድምፁ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«እማ፣ ምን አግኝተሽ ነው የምትስቂው?» አለች ኤፍራታ ከክፍሏ።

«ተስተካከለ! ነገ ይሄድልናል!»

«እሰይ! ዘፈን ልክፈት?»

«ጥናትሽን አጥኚ!»

በሮቹን አንድ በአንድ ዘጋች። የሹፌሩን ስትዘጋ ዓይኗ ራስ ማስደገፊያው ላይ አረፈ፣ የሆነ ነገር የጎደለ መሰላት። ሐሳቧ ግን ነገ ለሚመጣው ሰው ምን እንደምትለው ነበርና አለፈችው። መኪናውን ቆለፈች፣ ገመዱን በክርኗ እየጠቀለለች በረንዳውን ወጣች። ሳሎኑ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተታት። እጇን አሸተተች። ከጨርቆቹ ነው አለች። ገመዱን ጥግ ላይ ጥላ፣ በጀርባዋ የቤቱን በር ገፍታ ዘጋችና ዞራ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረች። ከስንት ጊዜ በኋላ ትከሻዋ ቀለላት። የነገሩ መጨረሻ ይህ ነው፣ እሱ ውጭ ነው፣ እኔና ልጄ ውስጥ ነን። ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር የሹፌሩ ወንበር በአራተኛው ቅዳሜ ለምን ለስልሶ እንደጠበቃት ገባት፤ ተቀማጩ ተነስቶ ሌላ ቦታ ስለሄደ ነበር።

እጇ ግን የለመደውን ጨርሶ ነበርና ቁልፉ ቀጭ ብሎ ሲገጥም፣ ከኋላዋ፣ ከኤፍራታ ክፍል በኩል ካለው ጨለማ ውስጥ፣ ዘለበት ሲፈታ ሰማች፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል።