አርባ አምስት ሜትር

ኳሷ አሁንም አሸዋው ውስጥ ገባች። በተከታታይ አራተኛዋ ናት።

«ኤጭ! በቃ!» አለች ፌንጣ። ዱላውን ልትወረውረው እጇን አነሳችና ወዲያው መልሳ አወረደችው፤ አባቷ ከሜዳው ማዶ ሆኖ እንደሚያያት ታውቃለች።

ፌንጣ ያሏት ጓደኞቿ ናቸው። እግሯ ረጅም ነው፤ ኳስ ከመምታቷ በፊት ደግሞ ሁለቴ ካልዘለለች አይሆንላትም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ዛሬ ግን የመዝለል ሙድ የላትም፤ አንጀቷ ቅጥል ብሏል። ኳሷ የምትገባበትን ጉድጓድ የሚያሳየው ባንዲራ የተተከለው አርባ አምስት ሜትር ላይ ነው። ለጎልፍ ተጫዋች አርባ አምስት ሜትር አፍንጫው ሥር እንደማለት ነው፤ እሷ ግን ከጠዋት ጀምራ አንድም ጊዜ አልደረሰችበትም።

በእጇ ያሉት ሁለት ዌጆች ናቸው። ዌጅ ለቅርብ ርቀት የሚሆን፣ ፊቱ ወደ ኋላ ጋደም ያለ ዱላ ነው። ይበልጥ በተጋደመ ቁጥር ኳሷ ወደ ላይ ትነሳለች፣ ርቀቷም ያጥራል። አንደኛው ሃምሳ ሁለት ዲግሪ ነው፤ በእሱ ስትመታ ኳሷ ባንዲራውን አልፋ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች። ሌላኛው ስልሳ ነው፤ በዚህኛው ስትመታ ዱላው አፈር ይቆፍርና ኳሷ መንገድ ላይ ለእንቅፋት በተሠራው አሸዋ ውስጥ ትቀራለች። ቀስ ብላ ሞከረች፣ አጥብቃ ሞከረች፣ ትንፋሿን ይዛ ሞከረች። ዱላዎቹ አዲስ ናቸው፤ ፊት ያሳያሉ። በዚያ ላይ ልናደድባቸው ብትል እንኳ ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ደህና አድርጋ ታውቃለች።

ከሁለት ሳምንት በፊት አሰልጣኟ ለስምንቱም ታዳጊዎች አንድ አንድ ወረቀት አድለው ነበር። «በእያንዳንዱ ዌጅ ሃያ ሃያ ኳስ ትመታላችሁ። ሄዳችሁ ትለካላችሁ፤ ያገኛችሁትን ትጽፋላችሁ። እኔ ደግሞ ያንን አይቼ ለየአመታታችሁ የሚስማማውን ከዕቃ ክፍል እሰጣችኋለሁ» አሏቸው።

ፌንጣ ስምንተኛው ኳስ ላይ ሰለቻት። መምታት፣ መሄድ፣ መለካት፣ መመለስ፣ እንደገና መምታት! ከመሰልቸቱ የባሰው ግን ቁጥሩ ነበር። የልብ ጓደኛዋ ቁንጮ፣ የቡድኑ አንደኛ፣ በስልሳው ሃምሳ አምስት ሜትር ጽፋለች። ታዲያ እሷ ሃያ ስምንት ብላ ልትጽፍ ነው? የቁንጮን ወረቀት ተቀብላ ገለበጠችው። እንዳይነቃባት እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ሜትር ቀነሰች። አሰልጣኟም ወረቀቱን አምነው፣ ለቁንጮ የሚሆኑትን ዱላዎች ለፌንጣ ሰጧት።

ነገ ከስምንቱ ስድስቱ ለቡድኑ ይመረጣሉ። የዱላ ዝርዝር ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ እስከ ዓመቱ ውድድር ማብቂያ ድረስ ቀይሩልኝ ብሎ ነገር የለም።

«ታዲያ ሂጂና አሁን ቀይሩልኝ በያቸዋ» አለች ቁንጮ፣ አጠገቧ ሣሩ ላይ እንደተንጋለለች።

«ምን ብዬ?»

«ትከሻዬን አመመኝ ምናምን በይ። ቀላል ነው አቦ!»

«ወረቀትሽ ላይ ሌላ ነው የሚለው ቢሉኝስ?»

ቁንጮ ብድግ ብላ ተቀመጠች። «ስሚ፣ ወረቀቱን ብቻ እንዳታነሺ። አምና ውጤቱን አሳስቶ የጻፈውን ልጅ ረሳሽው? ሻንጣውን አስይዘው ነው የሸኙት። በናትሽ፣ እኔንም ይዘሽኝ እንዳትገቢ።»

አልረሳችውም። ጎልፍ ላይ ውጤቱን የሚመዘግበው ተጫዋቹ ራሱ ነው። አሰልጣኟ ልጁን የሸኙት ቀን ጆሯቸው ላይ የምትሰካዋን እርሳስ አውጥተው፣ «እዚህ ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚነፋ የለም። እኔ የማምነው ይቺን ነው» ብለው ነበር።

ቁንጮ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ሌላው መለማመጃ ሄደች። ፌንጣ አምስተኛዋን ኳስ መታች። አሸዋ።

አባቷ የአሸዋ ባልዲውን ይዞ መጣ። የሜዳው ሣር ጠባቂ ነው፤ ሣሩን ያጭዳል፣ ያጠጣል፣ ተጫዋቾች የቦረቦሩትን ሁሉ በአሸዋ እየሞላ ይደፍናል። በሕይወቱ አንዲት ኳስ መትቶ አያውቅም። ለዚህም ነው ምክሩ ፌንጣን የሚያበሳጫት።

«አባዬ፣ በእናትህ አሁን አይደለም።»

«ምን አልኩ?»

«ልትል ነዋ!»

አባቷ ሳቅ አለና ተንበርክኮ የቆፈረችውን ጉድጓድ ይሞላ ጀመር። «ሰሞኑን ባልዲዬ ቶሎ ቶሎ እያለቀ አስቸገረኝ። የምትጨርሺው አንቺ ነሽ።»

«የኔ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«አሥራ ሰባት ዓመት ስደፍን የኖርኩ ሰውዬ!» ቁንጮ ስትመታበት ወደነበረው ቦታ በአገጩ አመለከተ። «እሷ ሣሩን እንደ ድንች ልጣጭ ላይ ላዩን ነው የምታነሳው። አንቺ ከላይ ወደ ታች ትወርጃለሽ። ጥፋት እንዳይመስልሽ፣ አመታትሽ ነው። ግን የዚህን ዱላ ሥር እዪው፣ ቀጭን ነው። መሬቱ ደግሞ ላዩ ደረቅ ይምሰልሽ እንጂ ውስጡ እርጥብ ነው፤ የማጠጣው እኔው ነኝ። ቀጭን ነገር ሲያገኝ ይውጠዋል።»

ፌንጣ ስልሳውን ገልብጣ አየችው። ሥሩ ጭቃ ብቻ ነው።

«ዕቃ ክፍል አንድ አሮጌ አለ፤ ሃምሳ ስድስት ይላል» አለ አባቷ። «ሥሩ ሰፊ ነው፣ አይሰምጥም። ርቀቱም እንደ ቁጥሩ በሁለቱ መሃል ይመስለኛል። መልኩ አያምርም እንጂ። ላንቺ እሱን ይሰጡሻል ብዬ ነበር፤ መቼም አሰልጣኝሽ ወረቀት ሳያዩ አይሰጡም።»

ፌንጣ የዱላውን ጭቃ በጣቷ ጠረገች። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰኞ ዕለት ‹አንተ ስለ ጎልፍ ምን ታውቃለህ?› ብለሽኝ የለ?» አለ፤ አልተቆጣም። ባልዲውን አንስቶ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ አለፈ።

ንዴቷ አለቀቃትም፤ አሁን ግን የምትናደደው በራሷ ነበር። ሰዓቷን አየች። አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቷታል። ትከሻዬን አመመኝ ማለት ትችላለች። አባቴ ሃምሳ ስድስቱ ይሻልሻል ብሎኝ ነው ማለትም ትችላለች። ሁለቱም ውሃ ይቋጥራሉ። ያ ወረቀት ግን በስሟ እንደተጻፈ ይቀመጣል።

አሰልጣኟ ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ቆመው የዱላ ቁጥር ያመሳክሩ ነበር።

«ኮች፣ ባዶ ወረቀት ይሰጡኛል?»

«የርቀት ወረቀት? የመጀመሪያው ምን ሆነ?»

«የመጀመሪያው... ቁጥሮቹ የኔ አይደሉም። ገልብጬ ነው። ለመገልበጥ ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አልመከረኝም።»

አሰልጣኟ የያዙትን ዱላ ቁጥር አመሳክረው ጨረሱ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ነገ ትጫወቺ አትጫወቺ አሁን አልነግርሽም» አሉ በመጨረሻ። «ማታ አስብበታለሁ። ዝርዝሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ላንቺ ብዬ አላራዝመውም።» ወረቀቱን ሰጧት። ወደ ውስጥ ገቡና ፊቱ የተቧጨረ፣ እጀታው የደበዘዘ አሮጌ ዌጅ አምጥተው ከላዩ ጨመሩላት። ከዚያ ትንሽ አመነቱና እርሳሷን ከጆሯቸው ላይ አውርደው ዘረጉላት።

ፌንጣ ወደ ሜዳው ሮጠች። ሦስት ዱላ፣ ሃያ ሃያ ኳስ፤ ለመሰልቸት እንኳ ጊዜ የለም። ቁንጮ ከማዶ ሆና ‹ምን ሆነሻል?› በሚል ሁለት እጇን ዘረጋችባት። ፌንጣ አየቻትና ኳሶቿን መደርደር ጀመረች።

በስልሳው ጀመረች። ሁለቴ ዘለለች፣ መታች፣ እየተራመደች ለካች። ሃያ ስምንት እንኳ አልሞላም። ደግማ ለካችው፤ ያው ነው።

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «ሃያ ስድስት» ብላ ጻፈችና ሁለተኛዋን ኳስ ልትመታ ተመለሰች።