ለአማት የራራው ምርመራ

ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። አንድ ቀን ከሆስፒታል የልብ ምርመራ ክፍል አንድ ወጣት ባለሙያ የነጭ ጋውኑን እጅጌ ሊያሳጥር መጣ። በሳምንቱ የባልደረቦቹን ጋውን ሁሉ ተሸክሞ ተመለሰ። የሁሉም እጅጌ በአንዴ ረዘመ ማለት ነው! እኔም ደረጃ ላይ ሳገኘው ሳቅሁበት።

ልጁ ሰዎችን በመሮጫ ማሽን ላይ እያስኬደ ልባቸውን ይመረምራል። የልብ ደም ስር መጥበቡ የሚታወቀው ልብ ሥራ ሲበዛበት ነው። አንዳንዱ በሽተኛ ግን ጤነኛ ተብሎ ስለሚያልፍ፣ ክፍሉ ለምን እንደሚያመልጣቸው እያጠና ምርመራውን ለማሻሻል ይለፋል።

እናትየው ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን ይዘው መቆም ሲያበዙ፣ እሱ ራሱ ወስዶ መረመራቸው። ውጤቱ ንጹህ ሆነ። ቤቱ በደስታ ተሞላ፤ የልጁና የልጅቷ ጋብቻ ወሬም ተነሳ።

በአራተኛው ቀን ልጁ አመድ መስሎ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ምርመራው ልክ አይደለም» አለ። «እማማ የማሽኑን ብረት ተደግፈው ነው የሄዱት። ልቀቁ ማለት ነበረብኝ። የነገ አማቴን እንዴት ላንገላታ ብዬ አፈርኩ። የተደገፈ ሰው ልቡ በደንብ አይፈተንም።»

ልጅቷ መቀሷን አስቀመጠች።

«እማዬ ዛሬ ጠዋት ውሃ ተሸክማ ደረጃ ወጥታለች» አለች። «ደህና ናት ስላልከኝ።»

«ኧረ አታስጨንቂው» አሉ እናትየው። «እኔም ብሆን ልቀቂ ብባል አለቅም ነበር።»

ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ ሌላ ባለሙያ፣ ሐኪም ባለበት፣ ብረቱን ሳያስይዝ መረመራቸው። አንድ ደም ስር ክፉኛ ጠቦ ተገኘ። ሳይውል ሳያድር ሐኪሞች በቀጭን ቱቦ ገብተው ደም ስሩን አሰፉላቸው። ልጁ ጥፋቱን ጽፎ ለአለቃው ሰጠ። ለካ የምርመራ ክፍሉ ቅጽ ላይ «ተደግፎ ነበር ወይ?» የሚል ጥያቄ ኖሮ አያውቅም! ያን ቀን ተጨመረ፤ ቀድሞ ደህና ናችሁ የተባሉ ሰዎችም እንደገና ይጠሩ ጀመር።

እኔ እናትየውን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄጄ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጫለሁ። ልጁና ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ጫፍና ጫፍ ተቀምጠዋል። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?» አለችው።

«ከሥራ ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

አንገቱን ደፋ። «እንደገና እንድታምኚኝ እፈልጋለሁ። እወድሻለሁም።»

«የኋለኛውንስ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል።» ተነስታ አጠገቡ ተቀመጠች። «የፊተኛውን ቀስ እያልን እናያለን።»

«ምን ተባባሉ?» አሉኝ እናትየው በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ፣ አልሰማሁም» አልኩና ሄጄ በሩን ዘጋሁላቸው።