የጋሼ የእጅ አንጓ

ጀሞ፣ ምሳ ሰዓት። ጥብስ ቤቱ ጢም ብሏል።

ኦብሴ፣ በስለላ ሥራ ስሟ «ሸማኔ»፣ ማንም እንዳይከተላት ታክሲ እየቀያየረች ነው የመጣችው። ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት የአድሬናሊን ብልቃጦች አሉ፤ ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። አንዱን ለማነጻጸሪያ ከመድኃኒት ቤት ገዝታዋለች። ሌላውን በሐሰት ስም ከተቀጠረችበት የለቡ መጋዘን ሰርቃዋለች፤ ውስጡ ውኃ ብቻ ነው። ጭነቱ ዛሬ ማታ ወደ ክሊኒኮች ይወጣል። ይህ ብልቃጥ ከዚያ በፊት ጎፋ ላቦራቶሪ ካልደረሰ፣ በአለርጂ ጉሮሮው የተዘጋ ሕመምተኛ ውኃ ተወግቶ ይሞታል።

ብልቃጡን የሚረከባት «ጋሼ» ነው። የመለመላት፣ ያስተማራት፣ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ብቸኛ ሰው። ጥግ ይዞ ይበላል። እጁ በጥብስ ስለወዛ እንደ ደንቡ አንጓውን ዘረጋላት።

ያዘችው።

ከጣቶቿ ሥር ትርታው ይጋልባል።

ፊቱ ግን ፈገግ ብሏል። ፊት ይታዘዛል፣ አንጓ አይታዘዝም ብሎ ያስተማራት ራሱ ነው። አንጎል አደጋ ሲያይ ባለቤቱን አያማክርም፤ በአከርካሪ በኩል ትእዛዝ ይልካል፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች አድሬናሊናቸውን ይለቃሉ፣ ልብ ይሮጣል። ይህን ሁሉ የነገራት ሰውዬ ዛሬ አንጓውን ሲሰጣት ትምህርቱን ረስቶታል።

አልለቀቀችውም። ሰላምታውን አስረዘመችው፤ ላያቸው ሰው የተነፋፈቁ ዘመዳሞች ናቸው። ጤናውን ጠየቀችው፣ ሥራውን ጠየቀችው። ትርታው እንደነበረ ነው።

«ሩቲስ ጋሼ? ልጅህ ደህና ናት?»

የደም ሥሩ ዘለለ።

ጋሼ አቀረቀረ። «ከትናንት ጀምሮ የመጋዘኑ ሰዎች ጋ ናት» አለ በሹክሹክታ። «ብልቃጡንና አንቺን ነው የሚፈልጉት። በር ላይ ናቸው።»

አፏ ደረቀ። የእሷም አንጎል ትእዛዙን ልኳል። ተናደደችበት፤ እዚያው ደግሞ አንጀቷን በላው። ከመድኃኒት ቤት የገዛችውን ብልቃጥ በሶፍት ጠቅልላ ከሳህኑ ሥር ገፋችለት።

«ይሄን ስጣቸው። ልጅህን ይልቀቁልህ።»

«መታጠቢያ ቤት ናት እላቸዋለሁ» አላት። «በኩሽናው በኩል ውጪ፣ ኦብሴ።»

በስሟ ጠራት። በሥራ ላይ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር።

ወጣች።

ጎፋ ደርሳ ውኃ ያዘለውን ብልቃጥ አስረከበች። ሳይመሽ መጋዘኑ ታሸገ፤ ጭነቱም አልወጣም። ሩቲ እቤቷ መግባቷን ባልደረቦቿ በስልክ ነገሯት። ጋሼን ግን ሰዎቹ መታለላቸውን ሲያውቁ ገድለውታል።

በምትመለስበት ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቃ ተቀምጣ የራሷን አንጓ ያዘች። አደጋው ካለፈ አድሬናሊን ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም ብሏት ነበር ጋሼ። ልቧ ግን አሁንም ይሮጣል። ይሄኛው ሐዘን ነው፤ ስለሱ አላስተማራትም።

አጠገቧ ያሉት እናት እንባዋን አይተው ሶፍት ሰጧት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። ስምሽ ማነው?»

«ገዲሴ» አለች። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው አልቀረም።

ከዚያ «ወራጅ አለ» ብላ ወረደችና ታክሲ ከሚጠብቀው ሰልፈኛ መሃል ገባች።