ከቀኝ ወደ ግራ የሄደው ፍሬዛ

አናጢው አያ አዝመራው የሥራ ጠረጴዛቸው ሥር በጀርባቸው ተዘርረው፣ አንገታቸው ተወግቶ፣ አዲሱ ፍሬዛ ደረታቸው ላይ ተደፍቶ ተገኙ። ፍሬዛው በሁለት እጅ ተይዞ የጣውላ ጠርዝ የሚቀርጽ የኤሌክትሪክ ማሽን ነው። የአናጢዎቹ ማኅበር ከገዛው ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር።

በዚያ ጠዋት ሌሎቹ አባላት ጣውላ ሊያመጡ ብልባላ ወርደዋል። ግቢው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ሊቀመንበሩ ምናለ፣ የማሽን ባለሙያ የሚባለው ወርቅአገኘሁና የጄኔሬተር ሠራተኛው ሸዕባን።

ሃምሳ አለቃ ሂንድ ከላሊበላ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ምናለ በር ላይ ጠበቃት።

«አደጋ ነው፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ። ሽማግሌው ቴክኖሎጂ አያውቁም። ማሽኑ ዘለለባቸው።»

«ሲዘል አይተዋል?»

«አላየሁም፤ ግን ግልጽ ነው።»

«ላላዩት ነገር ጥሩ አድርገው ያብራራሉ» አለችና አልፋው ገባች። ሂንድ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ ከሌባ ይበልጥ የምትንቀው ሳያውቅ የሚያስረዳ ሰው ነው።

ተንበርክካ አየች። ቁስሉ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። ደሙ ወለሉ ላይ ረግቷል፤ ሰጋቱራው ግን ከደሙ በላይ ደርቆ ተበትኗል። ጠረጴዛው ላይ የታሰረው ጣውላ ጠርዙ ከቀኝ ጀምሮ እየተዘለለ ተነክሷል፤ ግራው ጫፍ ላይ፣ ማሽኑ በቆመበት ቦታ፣ እንጨቱ ጠቁሯል።

ሸዕባንን ጠራችው። ጣውላውን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ ይኼን አያ አዝመራው አልሠሩትም። ማሽኑ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚነዳ። በተቃራኒው ከሄደ ይሸሻል፣ ይዘላል። መመሪያውን እኔ እያነበብሁላቸው፣ እርሳቸው ሥዕሉን እያዩ አብረን ተምረናል።»

«ባለሙያው አላስተማራችሁም?»

«ሁልጊዜ ነገ ይላል።»

ወርቅአገኘሁ ደሴ ሦስት ወር ሠልጥኖ፣ ምስክር ወረቀት ይዞ የተመለሰ ጎልማሳ ነው። ሂንድ ፊት እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

«ማሽኑን የመረጥኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ሦስት ዓይነት ቀርቦልን ነበር። አያ አዝመራው ለለማጅ እጅ ትገራለች ብለው ትንሿን ፈለጉ። እኔ ትልቁን አልሁ።»

«ለምን?»

«ጉልበት አለዋ።»

«ጉልበትማ በቅሎም አላት። ለየትኛው ሥራ ነው?»

«ለ... ለዘመናዊ ሥራ።»

ሂንድ ፈገግ ብላ አሰናበተችው። ፈገግታዋ አድናቆት መሰለው። እሷ ግን በቀጥታ ወደ ደሴ የሬዲዮ መልእክት ላከች።

ከሰዓት በኋላ ሬሳው ከተነሣ ወዲያ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሏል።

«እያንዳንዳችሁ ፑንታ ግጠሙና ጣውላው ላይ ንዱት» አለች።

ሸዕባን ፑንታውን፣ እንጨት የሚቀርጸውን የማሽኑን ምላጭ፣ እስከ መጨረሻው አስገባ፤ የጤፍ ፍሬ ያህል መለስ አድርጎ በሁለት መፍቻ አጠበቀው። ማሽኑን ከግራ ወደ ቀኝ ገፋ።

ምናለ መፍቻዎቹን እያገላበጠ ላብ በላብ ሆነ። ፑንታው ሁለት ጊዜ እግሩ ላይ ወደቀበት።

«ይበቃል፣ ጓድ ሊቀመንበር። እርስዎ በዚህ ማሽን ሰው መግደል ቀርቶ መስደብም አይችሉም።»

ወርቅአገኘሁ ፑንታውን እስከ ታች ሰክቶ ሳይመልስ አጠበቀ። ከዚያ ማሽኑን ከቀኝ ወደ ግራ ሳበው።

ሂንድ እጇን አነሣች። «ፑንታ እየተሽከረከረ ሥጋ ቢያገኝ ይቦጫጭቃል። የአያ አዝመራው ቁስል ግን መሮ አንዴ ገብቶ የወጋው ነው። ሰጋቱራው ከደሙ በላይ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ የተነሣው ከሞቱ በኋላ፣ አደጋ እንዲመስል ነው። ያስነሣው ሰው ማስነሣት ያውቃል፤ መንዳት አያውቅም። ሸዕባን መንዳት ያውቃል፣ ሊቀመንበሩ ማስነሣትም አይችሉም። ደረታቸው ላይ የተገኘውን ማሽን ስፈታው ፑንታው ትንሽ እንኳ ሳይመለስ እስከ ታች ተሰክቶ ነበር፤ ወርቅአገኘሁ፣ ልክ አሁን አንተ እንዳደረግኸው። ደሴም መልሳለች። በሠልጣኞች መዝገብ ውስጥ ስምህ የለም።»

ወርቅአገኘሁ ጠረጴዛውን ተደገፈ። «ቦታ ሞልቷል አሉኝ። ባዶ እጄን መመለስ አፍሬ ወረቀቱን አሠራሁ። ነገ የአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ፤ ዛሬ በጠዋት አያ አዝመራው ‹የምታውቀውን አሳየኝ› አሉኝ። ሊያጋልጡኝ ነው፣ አሻጥረኛ ተብዬ ልረሸን ነው ብዬ...»

ሸዕባን ማልቀስ ጀመረ። «ሊያጋልጡህ? ጄኔሬተሩን ቀደም ብለህ አስነሣልኝ ያሉኝ ለአንተ ነው! ‹ልጁ አያውቅም፤ እንግዶቹ ፊት ሳይዋረድ በጠዋት ላስተምረው› ነው ያሉኝ!»

ሂንድ የወርቅአገኘሁን እጅ ስታስር ሊቀመንበሩ ተጠጋት።

«ጓድ፣ ነገ ማሽኑን ለእንግዶቹ ማን ያሳይልኛል?»

«ማሽኑ ማስረጃ ነው፤ ይወሰዳል። እርስዎም ቃል ለመስጠት ይመጣሉ። የሐሰቱን ወረቀት አጨብጭበው የተቀበሉት እርስዎ ነዎት።»

እስረኛውን ጣቢያ ካስረከበች በኋላ በነአኩቶ ለአብ መንገድ ወደ አያ አዝመራው ቤት ወረደች። ሽማግሌው ማሽን ሳያውቅ ነካክቶ ሞተ የሚለው ወሬ ቀድሟት ደርሶ ነበር። ለቀስተኞቹ መንገድ ለቀቁላት። በሟቹ ባለቤት በእማማ ሙሉዬ ፊት ቆማ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እማማ፣ ባለቤትዎ ማሽኑን አሳምረው ያውቁ ነበር። የሞቱትም ሊያስተምሩ ሄደው ነው።»