መርዶ በብስክሌት

ይህ ውሸት ነው የሚል ሰው ከአሁኑ ይለፈው። እመኑኝ ብዬ ማንንም አልለምንም።

የሆነው ነሐሴ 2001 ዓ.ም. ነው። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል።

ሌሊት አይደለም። አልሜም አይደለም። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ።

ሀዲያ እባላለሁ። ያኔ መካነ ሰላም ብስክሌት እጠግን ነበር። ማንም አላስተማረኝም። አንድ አሮጌ ብስክሌት ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የለመድኩት። "ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ!" ብለው የሳቁብኝ ወንዶች ሁሉ ጎማቸው ሲተነፍስ የሚመጡት እኔው ደጅ ነበር።

ያን ክረምት ጎርፍ የመንገዱን ድልድይ ወሰደው። መኪና ቀረ። ያ ሁሉ አዲስ ጠጠር ለእግረኛ፣ ለአህያና ለእኔ ብቻ ሆነ። ወንዙን ብስክሌቴን ተሸክሜ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጥኩ እሻገራለሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የእኔ ነው።

ስለዚህ መልእክት ማድረስ ጀመርኩ።

መልእክት ስላችሁ... አብዛኛው መርዶ ነበር።

እኛ ዘንድ ልጅሽ ሞተች ተብሎ ለእናት በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይም አይነገርም። ወሬው መጀመሪያ ለቅሬው ዳኛ ይደርሳል። ቅሬ እናንተ እድር የምትሉት ነው። ዳኛው ሽማግሌ ይሰበስባል፤ ጎህ ሲቀድ ሄደው ያረዷታል። እስከዚያ ሐዘንተኛዋ እህል ትቀምሳለች፣ እንቅልፏን ትተኛለች። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ወረቀቱን ከስልክ ቤት ተቀብዬ ለዳኛው የማደርሰው እኔ ነበርኩ። አንዱንም ከፍቼ አላነበብኩም። በዚህ እኮራ ነበር።

የዚያን ቀን ስልክ ቤቱ ውስጥ የነበረው ምንይችል የሚባል ልጅ ነው። ከደሴ ከመጣ ገና ሳምንቱ።

"ባለብስክሌቷ አንቺ ነሽ?"

"አይ፣ ብስክሌቷ ነኝ።"

የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ፊቱ ገርጥቷል።

"ከጅዳ ተደውሎ ነው። ለሾላ አምባ ቅሬ ዳኛ፣ ለጋሽ ጀብሪል። በእጃቸው ስጫቸው።"

ሾላ አምባ የተወለድኩበት መንደር ነው። እናቴም ያለችው እዚያ ነው።

"ስምሽ ማነው?" አለኝ።

"ምነው፣ ልታገባኝ ነው?"

"የምሬን ነው። የማን ልጅ ነሽ?"

"የአባቴ።"

ሳቀና ተወኝ።

ስሜን ከነአባቴ ስም ብነግረው ኖሮ... ያን ወረቀት አይሰጠኝም ነበር።

ከሾላ አምባ ሰባት ሴቶች አረብ አገር ነበሩ። ዳገቱን እየገፋሁ ቆጠርኳቸው። የነአራጌ ሁለቱ ልጆች። የንግሥቴ የመጨረሻዋ። የአሳምነው እህት። የነደሳለው መንትዮች... ስድስት።

ሰባተኛዋ እህቴ ፈይዛ ናት። እሷን አልቆጠርኳትም።

ለረመዳን እመጣለሁ ብላ ልካ ነበራ። እማዬም "መጣችልኝ!" እያለች መንደሩን አዳርሳለች። ልትመጣ የተነሳች ሰው አትሞትም ብዬ ነው መሰለኝ።

አልደብቃችሁም። የሌላ እናት ልጅ ትሁን እያልኩ ነበር ፔዳሉን የምረግጠው። አላህ አፉ ይበለኝ።

አዲሱ መንገድ የተቆረጠው የድሮውን የሲራራ ነጋዴ መንገድ ተከትሎ ነው። በግራና በቀኝ የፈረሰ የድንጋይ አጥር አለ። ማን እንደገነባው የማይታወቅ ግምብ አለ። በጽድ የተከበበ መቃብር አለ። መኪና ሲያልፍ ይህ ሁሉ አይታይም። መኪና ሲቀር ግን... የሚያይሽ ይመስልሻል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭጋጉ ወረደ።

የጠጠሩ መንኮሻኮሽና የብስክሌቴ ካቴና ድምፅ ብቻ።

ጋሼ አሻግሬ ቤት ደረስኩ። መንገድ ዳር ያሉ ገበሬ ናቸው። ሁለት ውሾች አሏቸው፤ ብስክሌቴን ሳያባርሩ አሳልፈውኝ አያውቁም።

የዚያን ቀን አልጮሁም።

ከኋላዬ የሆነ ነገር አዩ። ጆሯቸውን ጥለው፣ እያለቀሱ መሬት ላይ ተኙ።

"እንደምን ዋሉ ጋሼ!"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና።" ክርስቲያን ናቸው፤ እኛ አገር ግን እንዲህ ነው። "ውሃ ላምጣልሽ፣ ደክሞሻል።"

ይዘው ሲወጡ ሁለት ኩባያ ነው።

"ሁለት ምን ያደርግልኛል? ግመል መሰልኩዎት?"

አልሳቁም። በትከሻዬ አሻግረው ተመለከቱ።

"ልጅቱስ? አትጠጣም?"

"የቷ ልጅ?"

ዞርኩ። ጭጋግ ነው።

ፊቴን አዩ። የብስክሌቷን የኋላ መጫኛ አዩ። ከዚያ ሁለተኛውን ውሃ ቀስ ብለው መሬት ላይ ደፉትና አማተቡ።

"ሂጂ ልጄ... ሳይመሽ ግቢ።"

"ምን አዩ ጋሼ?"

"ሂጂ አልኩሽ።"

ሄድኩ። ሰው ሲያረጅ ዓይኑ ይደክማል አልኩ። በልቤም ሰደብኳቸው። ስፈራ እሳደባለሁ፤ አመሌ ነው።

ከእሳቸው ቤት ቀጥሎ ረጅም ቁልቁለት አለ። ሌላ ቀን ፔዳል ሳልነካ ነው የምወርደው።

የዚያን ቀን ብስክሌቷ አልወርድ አለች።

ቁልቁለት ላይ... እየረገጥኩ!

ወርጄ አየኋት። ፍሬኑ ጎማውን አልነካም። ካቴናው ደህና ነው። ጎማው ግን መሬት ላይ ተጨፍልቋል። በእጄ ጨመቅሁት፤ ነፋሱ ሙሉ ነው።

ወደ ኋላ አየሁ። እርጥቡ ጠጠር ላይ የጎማዬ መስመር ይታያል። ጠልቋል። የጎማ ነገር አውቃለሁ፤ አንድ ሰው ብቻ የጫነች ብስክሌት እንደዚያ አትሰምጥም።

ተመልሼ ወጣሁባት። ምን ላድርግ? ወደፊት ቤት አለ፣ ወደ ኋላ ሰው የለም።

ትንሽ እንደሄድኩ... በረኪና ሸተተኝ።

ሱቅ በሌለበት፣ ጤና ጣቢያ በሌለበት ሜዳ። በረኪና።

ከዚያ ከጆሮዬ ስር፣ በሹክሹክታ...

"ቀስ በይ። ጠጠሩ ያንሸራትታል።"

እጄ መሪው ላይ ደረቀ።

"ማነሽ?"

"ንጂ።"

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የአባቴ።"

ይህችን መልስ የፈጠርኳት እኔ አይደለሁም። ልጆች ሆነን ገበያ ላይ ወንዶች ሲያስቸግሩን እንዲህ በያቸው ብላ ያስተማረችኝ ሰው አለች። አንድ ሰው።

"ፈይዛ?"

የበረኪናው ሽታ በረታ።

"ፈይዛዬ... መቼ መጣሽ?"

"መንገድ ላይ ነኝ።"

ድምፅዋ ደክሟል። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ስትፈትግ የዋለች ሴት ድምፅ ነው።

"ወረቀቱን አታድርሺው፣ ሀዲያ።"

"አደራ ነው። አደራ በልቼ አላውቅም።"

"እማ እስክትሰማ ድረስ..." ትንፋሽዋ አንገቴ ላይ ቀዘቀዘኝ። "እስክትሰማ ድረስ እየመጣሁ ነው። ከሰማች መምጣቴ ይቀራል።"

እንባዬ መንገዱን ጋረደኝ። ላያት ዞርኩ።

ብስክሌቷ በአንዴ ቀለለች። ተወነጨፈችና በጉልበቴ ጣለችኝ።

ስነሳ ማንም የለም። የጎማው መስመር ከላይ ጀምሮ ጠልቆ ይመጣና ከወደቅሁበት ሦስት እርምጃ ሲቀረው ይሳሳል። ሌላ ዱካ የለም። የወረደም፣ የሄደም የለም።

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁት። ያዝኩት... መለስኩት።

ኩራት አይደለም የያዘኝ። ፍርሃት ነው። ካልከፈትኩት ስድስት ናቸው።

ልቅደደውም አልኩ። ግን የሌላ እናት ልጅ ብትሆንስ? ስሟ ጠጠር ላይ ተበትኖ፣ ዱዓ ሳይደረግላት ልትቀር?

ብስክሌቷን እየገፋሁ፣ እያነከስኩ ሾላ አምባ ገባሁ። በእናቴ ደጅ አላለፍኩም፤ በጓሮ ዞሬ ጋሼ ጀብሪል ቤት ሄድኩ።

ወረቀቱን ተቀብለው በር ላይ ቆመው አነበቡ። ከዚያ አጠፉት። እኔን አላዩኝም።

"የሻለም!" አሉ ሚስታቸውን። "ለልጅቱ እህል አምጭላት።"

"አልራበኝም ጋሼ። እማ ጋ ልሂድ።"

"ዛሬ እዚህ ታድሪያለሽ።"

እትዬ የሻለም እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። ስንቱ ቤት ወረቀት አድርሼ ይህን አይቻለሁ። መጀመሪያ ያበሉሻል። በባዶ ሆድ አይነገርም።

"ጋሼ... የማን ናት?"

"ጉረሺ።"

"የኛ ናት?"

"ጉረሺ ልጄ።"

ጎረስኩ። ምን እንደጎረስኩ አላውቅም። እየዋጥኩ ሰባት ብዬ ቆጠርኩ።

ሽማግሌው ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ። "ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን በአንቺ እጅ የሚልክ?" አሉ።

"ስሜን ጠይቆኝ ነበር። አልነገርኩትም።"

ከዚያ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። በሕይወቴ ማንንም ለምኜ አላውቅም።

"ለእማ አይንገሯት። እየመጣች ነው ብላ ትኑር።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትሞት።"

"አይሆንም።" እሳቸውም ያለቅሳሉ። "ጀናዛዋን አላየን፣ አልቀበርናት። ከዱዓውም ትቅር? አብሽሪ፣ አይዞሽ። ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ እንሄዳለን።"

ፈይዛ ያለችኝን አልነገርኳቸውም። ማን ያምነኛል?

ጎህ ሲቀድ አሥራ አንድ ሆነን ወጣን። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። እኔ መሐል ነኝ፤ ሁለት ሴቶች በክንዴ ይዘውኛል። ማንም አይናገርም። ለቅሶ የሚጀመረው ደጁ ላይ ሲደረስ ነው።

ደጁ ላይ ስንደርስ እናቴ ቆማ ነበር።

ከፊታችን። የምትጠብቀን ይመስል።

ጋሼ ጀብሪል አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጣቷን ከንፈርዋ ላይ አደረገች።

"ሽሽ... ቀስ በሉ።"

"በዛች..." ብለው በስሟ ጠሯት።

"አትጩሁብኝ፣ በአላህ። አሁን ገና ነው ያሸለበችው።" ፈገግ አለች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። "መጣች እኮ! ማታ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ደረሰችልኝ። በእግሯ ነው የመጣችው፣ የኔ ምስኪን። አንድ ቃል ሳትናገር ጋደም አለች።"

የያዙኝ ሴቶች እጃቸው ላላ።

"ማን... ማን ናት የመጣችው?" አሉ ጋሼ ጀብሪል።

እናቴ በሩን ገፋ አደረገችልን።

አልጋዋ ላይ ጋቢ አለ። እስከ አናት የተሳበ። የሰው ቁመት።

ጋቢው ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል። ከፍ... ዝቅ።

እናቴ እዚያ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነው የምትኖረው።

አሥራ አንዳችንም አይተናል። አንዳችንም የበሩን ደፍ አልተሻገርንም። ጋሼ ጀብሪል "ኢንና ሊላሂ" ብለው ሰው ሲሞት የሚባለውን ጀመሩ። አልጨረሱትም።

"የሙቀት አገር ለምዳለች፤ ይበርዳታል" አለች እናቴ በሹክሹክታ። "በሩን ልዝጋላት።"

በሩን ስትስበው፣ በመጨረሻው ስንጥቅ አየሁ።

ከጋቢው ጫፍ አንዲት ባዶ እግር ወጥታ ነበር። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል፣ ጣቶቿ መሐል እርጥብ ጠጠር ተጣብቋል።

እግሯ ቀስ ብላ... ወደ ውስጥ ገባች።